የፊልም ሁዳዴ

ሮዝበድ ምን እንደሆነ ሳላውቅ «አልቅሻለሁ» ብዬ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ወሬው ዞሮ ዞሮ ፊልም ላይ አረፈ። አንደኛው ስለ «ሲቲዝን ኬን» ማውራት ጀመረ። ኦርሰን ዌልስ ይሄን ፊልም ሲሠራ ገና 25 ዓመቱ እንደነበር ሲነግረን ሁላችንም ራሳችንን እየነቀነቅን እንሰማለን። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሮ፣ «መጨረሻ ላይ ሮዝበድ ምን እንደሆነ ስታውቅ አላለቀስክም?» አለኝ።

«እንዴ፣ እንዴት አላለቅስም!» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ሮዝበድ የሴት ስም ይመስለኝ ነበር።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። እኔ እኮ በሰፈሩ ፊልም አዋቂ የምባል ሰው ነኝ። «ዛሬ ምን ልይ?» ተብዬ የምጠየቅ፣ ሰው ሲሳሳት የማርም። ደብተር አወጣሁና አይቻለሁ እያልኩ የምኖርባቸውን፣ ግን ያላየኋቸውን ፊልሞች መጻፍ ጀመርኩ። «ሲቲዝን ኬን»። «የብስክሌት ሌቦች»። «ሰባቱ ሳሙራዮች»። «ቶኪዮ ስቶሪ»። የቻርሊ ቻፕሊን እንኳን ሙሉውን ያየሁት አንድም የለም፤ ሁሉንም የማውቀው በሁለት ደቂቃ ቁርጥራጭ ነው። ስጽፍ ስጽፍ ሃምሳ ገቡ። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ስለነበር አምስት ጨምሬ 55 አደረግኳቸው። 55 ቀን፣ 55 ፊልም። በቃ፣ ማራቶኑ ታወጀ።

እማዬ ስትሰማ ደስ አላላትም።

«በጾም ፊልም?»

«ክላሲክ ነው እማዬ። የድሮ ነው።»

«የድሮ ሲሆን ኃጢአቱ ይቀንሳል?»

መልስ አልነበረኝም። ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ስለ ላፕቶፑ አንድ ነገር ልበል። የላከችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቤይሩት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ «ለትምህርትህ» ብላ በሰው ላከችው። ትምህርቱን ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ከተያያዝኩ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዳታ የምሞላውም እሷ ለቤቱ ከምትልከው ላይ ነው። ያኔ ግን ይሄ ከፊልም ጋር ይገናኛል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

*

ለዝርዝሬ መነሻ ያደረግኩት «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባለውን የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ነው። መጽሔቱ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያሲዎችን እየጠየቀ የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞችን ያስመርጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የመጀመሪያው ጊዜ አንደኛ የወጣው «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 ባሉት ምርጫዎች ሁሉ «ሲቲዝን ኬን» ዙፋኑን ይዞ ቆየ። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» ገለበጠው። በ2022 ደግሞ የቤልጂየሟ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ። ሴት የሠራችው ፊልም አንደኛ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ይሄን ሁሉ ቁጥር በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ፊልሞቹን ሳላይ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ስናገር አፍራለሁ። ፊልም አየሁ ከማለት ፊልም ጨረስኩ ማለት ይቀለኛል። «ሲቲዝን ኬን»ን አየሁ፤ ሮዝበድ የልጅነቱ የበረዶ መንሸራተቻ ነች። አላለቀስኩም። «ሰባቱ ሳሙራዮች» 207 ደቂቃ መሆኑን ሳይ ፍጥነቱን ወደ አንድ ተኩል ከፍ አደረግኩት፤ ሳሙራዮቹ ጭልፊት እንዳየ ዶሮ ሲሯሯጡ አመሹ። «የብስክሌት ሌቦች»ን ያየሁት በአንድ እጄ ስልክ እየነካካሁ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሮም አንድ ሥራ አጥ አባት ግድግዳ ላይ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፤ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ብስክሌቱን ታስለቅቅለታለች፤ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቅበታል። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሰውዬ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እኔ ግን ደብተሩ ላይ የራይት ምልክት አደረግኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሥራ የሌለኝ ሰው ስለ ሥራ አጥ ሰው የተሠራ ፊልም አይቼ ምንም አልተሰማኝም። ያኔ ነበር ማቆም የነበረብኝ።

ያስቆመኝ መብራት ነው።

*

በሦስተኛው ሳምንት ሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ለቀናት ጠፋ። ላፕቶፑን ቀን ቀን ጓደኛዬ ቤት ቻርጅ አድርጌ ማታ ይዤ እገባለሁ። እማዬ የምትከታተለው የቱርክ ድራማ ቀረባት። የመጀመሪያውን ማታ ሻማዋን አብርታ ዳዊቷን ደገመች። ከጨረሰች በኋላ በርጩማዋን ስባ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እስቲ ይሄ የድሮ የምትለው ምንድን ነው?»

በዚያ ማታ የተራው «ቶኪዮ ስቶሪ» ነበር። ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራው። አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ ከገጠር ከተማቸው ተነስተው ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። አንዱ ልጅ ሐኪም ነው፣ አንዷ ፀጉር ቤት አላት። ማንም ጊዜ የለውም። ወላጆቹን ፍልውሃ ወዳለበት መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ እዚያ ደግሞ በጫጫታው እንቅልፍ ያጣሉ። ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከተማውን የምታስጎበኛቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። የሥጋ ልጅ ሳትሆን ምራት።

ፊልሙ በጃፓንኛ ነው፣ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እማዬ የምታውቀው አማርኛ ነው። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ማስተርጎም ያለበት ሰው ደግሞ ፍጥነት መጨመር አይችልም፣ ስልክ መነካካትም አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም ቃል በቃል አየሁ።

ትንሽ ቆይታ፣ «ይሄ ሰውዬ እንደኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ነው እንዴ ያነሳው?» አለች።

ደነገጥኩ። የኦዙ ካሜራ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ መቀመጡን የፊልም መጻሕፍት ሁሉ ይጽፋሉ። እኔ ያንን አንብቤ ነበር የማውቀው። እሷ ግን አየችው።

እኔ በልጆቹ ተናድጄ ነበር። «እንዴት እናትና አባታቸውን እንዲህ ያደርጋሉ?» ስል ተቆጣችኝ።

«አትፍረድባቸው። እንጀራ ነው። እንጀራ የያዘውን ሰው ማን ይፈርድበታል?» ዝም አለችና ደግሞ፣ «አሁን እኔና አንተ ተነስተን ቤይሩት ብንሄድ እህትህ የት ታሳድረን ነበር?»

ሁለታችንም ሳቅን። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ጥያቄው ተመለሰብኝ። እህቴ ራሷ የት ነው የምታድረው? ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በኢሞ አውርተናል። ሁልጊዜ ከጀርባዋ የሚታየው ያው ነጭ ግድግዳ ነው። የት እንደምትተኛ ጠይቄያት አላውቅም።

*

ከዚያ በኋላ መብራት ቢመጣም እማዬ አልቀረችም። ቅዳሴ ውላ ትመጣለች፣ ሽሯችንን እንበላለን፣ ከዚያ «በል ክፈተው» ትለኛለች። ጾሙን እንዴት እንዳስታረቀችው አልጠየቅኳትም።

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ» (1976) ያየን ማታ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ፊልሙ በአማርኛ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በአንድ ባለርስት ሥር ስላለ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። እኔ ስለ ቀረጻው ላስረዳት ስሞክር በእጇ ዝም አሰኘችኝ። «ወንበሩን ተመልከት። የሚቀመጠው እሱ ብቻ ነው» አለች። እንደዚያ ያለ ሰው በልጅነቷ አይታለች። ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳውን ሰውዬ ወገብ እያየች ደጋግማ ከንፈሯን መጠጠች። ስለ ልጅነቷ ጠይቄ የማላውቀውን ብዙ ነገር በዚያ ማታ ሰማሁ።

ደብተሬ ላይ ከራይት ምልክቱ ጎን ሌላ መጻፍ ጀመርኩ፤ እማዬ ያለችውን። በቀን አንድ ፊልም የሚለው ሕግም ፈረሰ። አንዳንዱን ሁለት ማታ ከፍለን አየነው። በልቤ ደስ አለኝ፤ አሁን ማየት ተማርኩ ብዬ።

ከዚያ «ላ ኑዋር ደ…» መጣ።

*

ይሄን ፊልም በ1966 የሠራው ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ነው። ሴምቤን በፈረንሳይ ማርሴይ ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር። ከዚያ ልቦለድ ደራሲ ሆነ። መጻሕፍቱ ማንበብ ከማይችለው ሕዝብ ዘንድ እንደማይደርሱ ሲረዳ፣ ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቶ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። ይሄ የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነው። ከእንግሊዙ መጽሔት የ2022 መቶ ምርጦች ውስጥም አለ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እኔም የመረጥኩት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስላጠረ ነው።

መጨረሻውን አውቀው ነበር። አንብቤያለሁ። ግን እንዳነበብኩት ሌላ ነገር ሁሉ ነበር የማውቀው፤ ለካፌ ወሬ እንደሚሆን መረጃ።

ዲዋና የምትባል ወጣት ከዳካር በመርከብ ፈረንሳይ ትገባለች። ዳካር እያለች ልጆች የምትጠብቅላቸው ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ናቸው ያስመጧት። አገር አያለሁ፣ ሱቅ ዞራለሁ ብላ ነው የሄደችው። እዚያ ስትደርስ ግን ልጆቹ የሉም። ምግብ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መወልወል፣ እንደገና ማብሰል። ከቤት አትወጣም። የባሕር ዳርቻ ከተማዋን የምታየው በመስኮት ነው።

ፊልሙ በፈረንሳይኛ ነው። አፌን ከፍቼ መተርጎም ልጀምር ስል እማዬ ቀደመችኝ።

«ማዳም አለች?»

«አዎ።»

«ማዳም ነው የሚሏት?»

«አዎ እማዬ።»

እህቴ አሠሪዋን የምትጠራው በዚሁ ቃል ነው። «ማዳም ወጥታለች»፣ «ማዳም መጣች፣ ልዝጋ»። እማዬ በርጩማዋን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች። ያኔ መዝጋት ነበረብኝ።

ዲዋና ታኮ ጫማ አድርጋ ወለል ስትወለውል ማዳም ጫማሽን አውልቂ፣ ሠራተኛ መሆንሽን አትርሺ ትላታለች። እማዬ ምንም አላለችም። ምሳ ላይ አንዱ እንግዳ ብድግ ብሎ ዲዋናን ይስማታል፤ ጥቁር ሴት ስሞ ስለማያውቅ። «እግዜር ይይልህ» አለች እማዬ፣ ለስክሪኑ። ቀስ በቀስ ዲዋና ከአልጋዋ አልነሳ ማለት ትጀምራለች።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ከእናቷ። ዲዋና ማንበብ ስለማትችል የቤቱ ጌታ ነው የሚያነብላት። እናቷ ድምፅሽ ጠፋ፣ ገንዘብም አልላክሽም እያለች ትወቅሳታለች። ሰውዬው እሷን ሳይጠይቅ ወረቀት አውጥቶ በስሟ መልስ መጻፍ ይጀምራል። ዲዋና በውስጧ ይሄ የኔ ደብዳቤ አይደለም እያለች ታስባለች። ብድግ ብላ ትቀደዋለች።

እኔ መዋሸት የጀመርኩት እዚህ ጋ ነው። የእናትየዋን ወቀሳ ስተረጉም፣ «ናፍቀሽኛል፣ ጤናሽን ጠብቂ ትላታለች» አልኩ። ገንዘብ የሚለውን ዘለልኩት። ሰውዬው በዲዋና ስም የራሱን ቃል ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ በእናቷ ስም የራሴን ቃል እናገራለሁ። ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። የታየኝ የእማዬ ፊት ነው። በስክሪኑ ብርሃን እንደዚያ ነጥቶ አይቼው አላውቅም።

ዲዋና ሻንጣዋን ማዘጋጀት ስትጀምር ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«ባትሪ ጨረሰ» አልኩ።

«ከዚያስ? ምን ሆነች?»

«ተመለሰች። አገሯ ገባች።»

«እሰይ» አለችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከተኛች በኋላ የቀረውን ብቻዬን አየሁት። ዲዋና መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብታ ራሷን ታጠፋለች። ወደ ዳካር የሚመለሰው ሻንጣዋ ነው፤ የቤቱ ጌታ ይዞት ይሄዳል። እናቷን ፈልጎ ያገኛትና ያልተከፈለውን ደመወዝ ይዘረጋላታል። እናትየዋ አትቀበልም። አንዲት ቃል ሳትናገር ዞራ ትሄዳለች። ታሪኩ ከጋዜጣ ዜና፣ በእውነት ከሞተች ሴት ላይ የተነሳ ነው።

ላፕቶፑን አየሁት። በእህቴ የስንት ወር ደመወዝ እንደተገዛ አላውቅም። ደብተሩን አወጣሁና ምልክት ላደርግ ስል እጄ አልታዘዝልኝ አለ።

*

እሑድ እህቴ ደወለች። እማዬ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ። ሌላ ጊዜ የምትጠይቃት ያው ነው፤ በላሽ ወይ፣ አመመሽ ወይ፣ ጾሙን ያዝሽ ወይ። በዚያ ቀን ግን፣

«ልጄ፣ የት ነው የምትተኚው?» አለቻት።

እህቴ ሳቀች። «ምነው እማ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«አሳዪኝ።»

ስልኩ ዞረ። ከኩሽናው ጋር የተያያዘች፣ በመስታወት የተዘጋች በረንዳ ናት። ፍራሽ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የሽንኩርት ጆንያ። ነጭ ግድግዳ ነው ብዬ ስድስት ዓመት ያየሁት የማሽኑ ጎን ነው።

«በክረምት ብቻ ነው የሚበርደው» አለች እህቴ። «ማሽኑ ሲሠራ ደግሞ ይሞቃል።» ከዚያ ወሬ ለማስቀየር፣ «እናንተስ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ወንድምሽ ፊልም ያሳየኛል» አለች እማዬ።

«ታድላችሁ!» አለች። በቅን ልብ ነው ያለችው። ለዚህም ነው የከበደኝ።

ሊባኖስ ውስጥ ከፋላ በሚባለው አሠራር የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕጋዊነቷም አብሯት ይወጣል። ይሄን አንብቤ ዱሮም አውቀው ነበር። እንደ ኦዙ ካሜራ ከፍታ።

የስቅለት ዕለት እማዬ ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ ማታ ጉልበቷን ይዛ ገባች። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ሳጥብላት፣ ፊቴን ሳታይ፣

«ያቺ ልጅ ሞታለች፣ አይደል?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ማዳም ቤት የነበረችው።»

ዝም አልኩ።

«በደህና ብትመለስማ ኖሮ ማን ፊልም ይሠራላት ነበር?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። የመታጠቢያ ገንዳውን፣ ሻንጣውን፣ ገንዘቡን። ደብዳቤው ላይ የዘለልኩትን ጭምር። እናትየዋ ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ዞራ መሄዷን ስነግራት፣ አበጀች ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እሷ ከሞተች በኋላ ነው አልቀበልም ያለችው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ በቁሟ ነው የምቀበለው።»

ለዚህ ምን ይባላል? እግሯን በፎጣ አደረቅኩላት። አላለቀሰችም። እኔም «አይ እማዬ፣ እንደሱ አይደለም» አላልኩም። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ገንዘብ ነው። ያን ያህል ጊዜ ፊልም አይቼ፣ የምንኖርበትን ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር የተናገረችው እማዬ ናት።

*

ማራቶኑን አልጨረስኩትም። ፋሲካ ሲገባ 38 ላይ ነበርኩ። ከነዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን በትክክል አይቻቸዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ ሌሎቹን ከዝርዝሩ ፍቄ እንደገና «ያላየኋቸው» ውስጥ ጻፍኳቸው። «የብስክሌት ሌቦች»ን ከእማዬ ጋር ደግሜ አየሁት። አንሶላዎቹ ላይ ስንደርስ፣ «አየህ፣ ሁሌም መጀመሪያ የሚሄደው የሴቷ ዕቃ ነው» አለች።

ከፋሲካ በኋላ እህቴ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ለኔም እስቲ አንድ ፊልም ላክልኝ» ትላለች። ሌሊት ነው የምታየው፤ ድምፅ ማሰማት አትችልም፣ ማዳም ትነቃለች። የጆሮ ማዳመጫ እንዳታደርግ፣ ሕፃኑ ቢያለቅስ መስማት አለባት። ዓይኗ እስኪከደን ያላት ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛዋም ትንሽ ነው።

ድምፅ የሌለው፣ ንግግር የማይፈልግ፣ በአሥር አሥር ደቂቃ የሚታይ። ብዙ አላሰብኩም። «ሲቲ ላይትስ»ን ላክሁላት።

ቻፕሊን ይሄን ፊልም ያወጣው በ1931 ነው። ያኔ ፊልሞች መናገር ጀምረዋል፤ እሱ ግን አልናገርም ብሎ ድምፅ አልባ አድርጎ ሠራው። ሙዚቃ አለው፣ ንግግር የለውም። በመካከሉ የሚመጡ አጫጭር ጽሑፎች አሉ። እነሱን በተራ ቁጥር ወደ አማርኛ መልሼ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ አብሬ ላክሁላት።

87 ደቂቃውን በዘጠኝ ሌሊት ጨረሰችው። በየማታው የት እንደደረሰች ትጽፍልኛለች። «ቦክሱ ላይ ነኝ፤ ሳቄን ለመያዝ ትራሱን ነከስኩት።» «ዛሬ ደክሞኝ ሦስት ደቂቃ ብቻ።»

ታሪኩን ለማታውቁት፦ አንድ መናኛ ሰው አበባ የምትሸጥ ዓይነ ስውር ልጅ ይወዳል። ልጅቷ ሀብታም ይመስላታል። ዓይኗ የሚታከምበትን ገንዘብ በመከራ አግኝቶ ይሰጣትና እሱ እስር ቤት ይገባል። ሲፈታ ልብሱ ተቀዳዶ በመንገድ ሲያልፍ፣ አሁን ማየት የቻለችው ልጅ ከአበባ ሱቋ ውስጥ ሆና ታየዋለች። ትስቅበታለች። ሳንቲም ልትሰጠው ወጥታ እጁን ስትይዝ፣ በእጁ ታውቀዋለች። ቻፕሊን ሁለቱ መጀመሪያ የሚገናኙበትን ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀርጾታል ይባላል። እኔ መጨረሻቸውን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

በዘጠነኛው ሌሊት የእህቴ መልእክት ይኸው ነበር፦ «አወቀችው። እንዴት ደስ ይላል። ግን መጀመሪያ ለምን ሳቀችበት?»

ቢያንስ አራት መልስ ጽፌ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ፣ «ስለማታይ አይደለም። ማየት የጀመረችው ገና ስለሆነ ነው» ብዬ ላክሁ። ቀጥዬም ስድስት ዓመት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። ስንት ሰዓት ትነሺያለሽ? ዕረፍት አለሽ? ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው?

አንዱን ብቻ መለሰችልኝ። «ቀስ በል እንጂ፣ በአንድ ቀን ሁሉንም?» ብላ የሚስቅ ፊት ጨመረችበት። «በየማታው አንድ አንድ እነግርሃለሁ። ሌላ ድምፅ የሌለው ፊልም አለህ?»

ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። የበስተር ኪተን «ዘ ጄኔራል»፣ 1926። የቻፕሊን «የወርቅ ጥድፊያ»፣ 1925። ከእያንዳንዱ ጎን ርዝመቱን በአሥር ደቂቃ እያካፈልኩ፣ ስንት ሌሊት እንደሚወስድባት እጽፋለሁ።